ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ትምህርቱ፣ በሾላ ገበያ የተደረገ ምልልስ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሾላ ገበያ በቅበላ ሸማች ተጨናንቆ፣ አንዱ ቅቤና ዶሮውን ሲሰናበት ሌላው ለ55 ቀን የሚበቃውን ሽሮ፣ ተልባና ሱፍ ሲያስመዝን በዋለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔም ገብስ ልገዛ ወደ እህል ተራ ወርጄ ነበር። ዘወትር ከምሸምትበት መደብር ደጃፍ ሦስት ሰዎች በበርጩማ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አገኘሁና፣ የነገራቸው ቁም ነገር ስለ ያዘኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እስኪመሽ ድረስ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። አንደኛው ከየካ አድባራት በአንዱ ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው የሸበተ መሪጌታ ናቸው፤ ሁለተኛይቱ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ፈጽመው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራቸው ነርስ ናቸው፤ ሦስተኛይቱ የመደብሩ ባለቤት ናት። ሕመም የሰው ምሥጢር ነውና ስማቸውን ትቼ፣ ቃላቸውን ግን ጆሮዬ እንደ ተቀበለው እጽፋለሁ።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ሲስተር፣ ሰኞ ጾም ይገባል። ከልጅነቴ ጀምሬ አንድም ያልገደፍሁትን ጾም ዘንድሮ እንዴት አድርጌ እንደምይዘው እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ። በፍልሰታ የደረሰብኝን ሰምተዋል መሰለኝ፤ ቅዳሴው ሳይፈጸም ላብ አሰመጠኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መቋሚያዬን ጨብጬ ሳለሁ መቋሚያው ራሱ የሌላ ሰው እጅ የያዘው መሰለኝ። ዲያቆኑ ደግፎ ባያስቀምጠኝ ከመቅደሱ ደጅ እዘረር ነበር።

ሲስተር፦ ያን ዕለት ጠዋት ምን ወስደው ነበር?

መሪጌታ፦ ሁለቱንም ክኒን፣ እንደ ታዘዝሁት ነዋ! የሰጠኝ ሰው በወረቀቱ ላይ ጠዋትና ማታ ብሎ ሁለት ጭረት አሰመረልኝ፤ ከምግብ ጋር ስለ መሆኑ ግን አንዳች አልተነፈሰም፤ ጿሚ መሆኔንም አልጠየቀኝም።

ሲስተር፦ ነገሩ ሁሉ ከዚያች ካልተጠየቀች ጥያቄ ነው የመጣው። ከሁለቱ ክኒን አንዱ ሜትፎርሚን ነው፤ እርሱ ብቻውን ሲሆን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባዩ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ፣ በሰውነትም ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆይ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ ምግብ ቢመጣም ባይመጣም ሥራውን አይተውም። እርስዎ በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆሙ እርሱ በደምዎ ያለውን ስኳር ጠርጎ አወረደው። ያ ላብ፣ ያ መንቀጥቀጥ የመውረዱ ምልክት ነበር። በመለኪያው ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ነው። ጾሙም ቢሆን ሳይገባ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው «ጿሚ ነኝ፤ መድኃኒቱ በምን ሰዓትና በምን ያህል ይሁን?» ማለት ይገባዎታል። መጾም የማይገባዎት ሆኖ ከተገኘም ይህን በግልጽ ሊነግርዎት ይገባል።

መሪጌታ፦ እርሱስ ባልከፋ ነበር። ሥርዓቱንም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ፍትሐ ነገሥቱ ድውዩን በጾም ሸክም አያስጨንቀውም፤ የሐዋርያት ቀኖናም ረቡዕና ዓርብን ሲያዝዝ የሥጋ ድካም ያገደውን ለይቶ ያወጣል። ይህን ለተማሪ ስተረጉም ኖሬአለሁ። ለራሴ በመጣ ጊዜ ግን፣ ምእመናኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ የሚጾሙትን እኔ መሪጌታው ብተወው ምን ይሉኛል የሚል አሳብ ኅሊናዬን ያዘው።

ሲስተር፦ ይህን «ለራሴ በመጣ ጊዜ» ያሉኝን ቃል በሆስፒታል ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ሥዕል ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የስኳር ነገር ሁሉ የሚመጣው ለራስ ነውና፤ ሕመምተኛው ሐኪሙን የሚያየው በዓመት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በያንዳንዱም ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። በተረፈው ቀን ሁሉ ሐኪሙ ራሱ ነው፤ የሚለካው ራሱ፣ የሚመዝነው ራሱ፣ የሚወጋው ራሱ። እንግዲህ ያላስተማርነውን ሰው ሐኪም አድርገን ሾምነው ማለት ነው። ትምህርቱ ከመድኃኒቱ ጋር እኩል ካልታዘዘ መድኃኒቱ ራሱ፣ በእርስዎ እንደ ደረሰው፣ ሰውን ይጥላል።

መሪጌታ፦ ይህ አሳብ ከወዴት የመጣ ነው? ከፈረንጅ ነው ወይስ ከእኛ?

ሲስተር፦ ከሁለቱም። ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት ሕፃን በዚህ ሕመም ከተያዘ ምግብ እየተቀነሰለት ሞቱ ለጥቂት ጊዜ ይራዘምለት ነበር እንጂ አይድንም ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሁለት ሰዎች በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን አገኙ፤ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። በቦስተን የነበረው ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ግን፣ ገና ኢንሱሊን ሳይኖር በ1918 ሐኪምና ሕመምተኛ በአንድነት የሚያነቡት መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ሕሙማኑ ቤት ይልክ ነበር። የእኛ የስኳር አስተማሪ ነርሶች ጥንተ ነገር ከዚያ ይመዘዛል።

መሪጌታ፦ በእኛስ አገር?

ሲስተር፦ በእኛ አገር የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር በ1984 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ሕሙማንን ሲያስተምርና ሲረዳ ኖሯል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጎንደሩና የጅማው ሥራ ነው። ገበሬው ኢንሱሊኑን ለማግኘት ብዙ ቀን ተጉዞ ከሆስፒታል ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ሲደክመውም ይተወውና ይሞት ነበር። በኢትዮጵያ ሕክምና ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ተባብሮ፣ ከሆስፒታል ርቀው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው ስኳሩንም የሚጥለውንም በሽታ እንዲከታተሉ አደረገ። ነርሷ ታስተምራለች፣ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ የቀረውን ትፈልጋለች፤ ሐኪሙ በየጊዜው እየመጣ ይጎበኛታል። በዚያ ሥራ ላይ የታየው ሌላ ነገር ደግሞ አፍ ያስይዛል፤ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ስንባል ኖረን፣ እዚያ ግን ወደ ነርሷ ከሚመጡት ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ቀጫጮች፣ ድሆች የገበሬ ልጆች ሆነው ተገኙ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ገና በ2025 እ.ኤ.አ. «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ስም አወጣለት።

ባለ መደብሯ፦ የሀብታም በሽታ! እኔም ይህንኑ ብዬ ነው ልጄን ልገድላት የነበረው።

(ሴትዮዋ እስከዚህ ድረስ ጤፍ እየሰፈረች በዝምታ ታዳምጥ ነበር። ቁናውን አስቀምጣ፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ከመካከላችን ተቀመጠች።)

ባለ መደብሯ፦ ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ውሃ ጠጥታ አትረካም፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ትነሣለች፣ ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ብቻ ቀረ። የእህል ነጋዴ ልጅ፣ እንጀራ የማይጎድልባት ልጅ እንዲህ ከሳች ሲባል፣ ዐይነ ጥላ ነው አሉኝ። ወደ እንጦጦ ጸበል ወሰድኋት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ሆነ፣ አፏም እንደ በሰበሰ ፍሬ ሸተተ፤ ስጠራት አትሰማኝም። የሚያጠምቁት መነኩሴ አዩና «ልጄ፣ ጸበሉ የትም አይሄድም፤ አሁን ሮጠሽ ሆስፒታል ግቢ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ሌሊት ተረፈች።

መሪጌታ፦ መልካም አባት ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉን ብለው መድኃኒቱን እንዳይተዉ፣ ሁለቱን አብረው እንዲይዙ በይፋ መናገራቸው ትዝ ይለኛል። ያ ቃል ከፓትርያርክ አፍ ባይወጣ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? እኛም ስለ ስኳሩ እንዲሁ ማለት የነበረብን ሰዎች፣ ዝም ብለናል።

ሲስተር፦ አሁን ልጂቱ ኢንሱሊኗን የት እንደምታስቀምጥ ለመሪጌታ አሳዪአቸው።

(ሴትዮዋ ከመደብሩ ጓዳ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ አንድ ሰፊ የሸክላ ዕቃ እየተጠነቀቀች አወጣች። በውስጡ ሌላ ትንሽ ማሰሮ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል የተሞላው አሸዋ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አፉ በእርጥብ ነጠላ ቁራጭ ተሸፍኗል። ጨርቁን ስታነሣው፣ የቆርቆሮው ጣራ እንደ ምጣድ በጋለበት በዚያ ሰዓት፣ ከማሰሮው ውስጥ የሚወጣው ቅዝቃዜ እጄን ነካኝ። በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ብልቃጥ፣ በላይዋም የተከፈተችበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎባት ተቀምጣለች።)

ባለ መደብሯ፦ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትመጣ እዚህ ነው የምትወጋው። ማቀዝቀዣ የለኝም። ሲስተር ናቸው ያሳዩኝ። ጠዋትና ማታ አሸዋውን አጠጣዋለሁ፤ ከተከፈተ 28 ቀን ሲሞላው ደግሞ ቢተርፍም እደፋዋለሁ።

መሪጌታ፦ ይህማ የእንስራ ውሃ ጥበብ ነው!

ሲስተር፦ ራሱ ነው። ውሃው በሸክላው ገላ በኩል እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ለሕፃናት ኢንሱሊን በሚያድለው በ«ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ» መርሐ ግብር በኩል የተለያዩ አገሮች የሸክላ ዕቃዎች ተፈትነው፣ ከውጭው አየር ይልቅ ውስጣቸው ቀዝቅዞ ተገኝቷል። እኔ ለዚህች እናት ስለ ትነት ሕግ አላስተማርኋትም፤ «እናትሽ የእንስራውን ውሃ እንዴት ታቀዘቅዘው ነበር?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። ዕውቀቱ ከእርሷው ዘንድ ነበር፤ እኔ ብልቃጡን ነው የጨመርሁበት።

መሪጌታ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። ትምህርቱ እንዲህ ኃይል ካለው፣ በየሆስፒታሉ ጠዋት ጠዋት ለተሰበሰበው ሕመምተኛ ትምህርት ይሰጣል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አዳምጬአለሁ። ምን ለወጠ?

ሲስተር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ከእውነቱ አልሸሽም። በጅማ በነርሶች የሚመራ ትምህርት ለ9 ወር፣ በስድስት ጉባኤ ተሰጥቶ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የተማሩት ዕውቀታቸው ጨመረ። በደማቸው ውስጥ ያለው የሦስት ወር የስኳር ልክ ግን፣ በሁለቱም ወገን ቢቀንስም፣ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም።

መሪጌታ፦ ትምህርቱ ከንቱ ነው ማለት ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። እኔ የምረዳው፣ ማወቅ አንድ ነገር፣ ማድረግ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። በመካከላቸው ቤቱ አለ፣ ማዕዱ አለ፣ ጎረቤቱ አለ። ከውጭ የመጣውን ሥዕል ይመልከቱ፤ አንድ ሳሕን ተሥሎ ግማሹ ጎመን፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ወጥ ይሁን ይላል። ለአንድ ሰው አንድ ሳሕን በሚቀርብበት አገር መልካም ነው። እኛ ግን ከአንድ ትሪ ነው የምንቈርሰው! እርስዎ ዛሬ ምሳ ላይ ስንት እንጀራ እንደ በሉ ያውቃሉ?

መሪጌታ፦ ከልጆቹ ጋር ነው የበላሁት፤ በምን አውቄው! ባለቤቴም ታጎርሰኛለች፤ ጉርሻ ደግሞ አይመለስም።

ሲስተር፦ ስለዚህ እኔ ሥዕሉን ትቼ ሚስቲቱን አስተምራለሁ። እንጀራው ከትሪው ላይ ሳይነጠፍ የእርስዎ ድርሻ ተቈርጦ በፊትዎ ይቀመጥ፤ ጎመኑና ምስሩ በእርስዎ በኩል በርከት ይበል፤ ጉርሻውም ከጎመኑ ይሁን። ቡናም ስትፈላ እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየሲኒው ሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ወደ 40 ግራም ሊሆን ነው፤ ይህም በአንድ ተቀማጭ፣ ከቁርሱ ዳቦ ሌላ። ጎረቤት ቤት ስኳር ተጨምሮ የተቀዳልዎትን ሲኒ «አልጠጣም» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ይህን ነውር ከሕመምተኛው ትከሻ ላይ ለማንሣት ጎረቤቲቱ ራሷ መማር አለባት። ስለዚህ ነው ትምህርቱ ከሆስፒታል ወንበር ተነሥቶ ወደ እድሩ፣ ወደ ማኅበሩ፣ ወደዚህ ወደ እህል ተራው ይውረድ የምለው።

መሪጌታ፦ አሁን የሚሉት ገባኝ፤ የእኛም ቤት ያውቀዋል። በቅኔ ቤት መምህሩ ሁሉን ተማሪ በራሱ አያስተምርም። ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ይዞ ያስቈጥረዋል፤ ትናንት የተቸገረበትን ዛሬ ለሌላው ይፈታለታል፤ ጀማሪውም ከመምህሩ የሚያፍረውን ከእርሱ ይጠይቃል። ተማሪው የሰማውን በቃሉ ካልመለሰ ደግሞ ትምህርቱ ትምህርት አይባልም። የሆስፒታሉ ትምህርት ግን ተናጋሪው ይናገራል፣ ሰሚው ካርዱን ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

ሲስተር፦ ይህን ነው ሌሎች አገሮች አሁን አዲስ ግኝት ብለው የሚጽፉት፤ ሕመምተኛ ሕመምተኛን ያስተምር የሚባለው። ይህች እናት በዚህ ተራ የምትቀመጥ ሌላ እናት ልጇ በታመመባት ጊዜ ማሰሮውን አሳይታ፣ መርፌውን ይዛ አስተማረቻት። እኔ ብነግራት እንደዚያ አትሰማኝም ነበር።

ባለ መደብሯ፦ እርሷ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ያሳየኋት። ጣቷን ከጫፉ መካከል ስትወጋት አየሁና «ከጎኑ ውጊያት፤ እዚያ ሕመሙ ይቀላል» አልኋት። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

(በዚህ ቦታ እኔ ጸሐፊው አንድ ነገር ጣልቃ አስገባለሁ። ለሕፃናቱ ኢንሱሊንና መለኪያ የሚሰጠው እርዳታ ባለበት አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ አለው፤ ልጅ ያድጋል፣ እርዳታው ግን አብሮት አያድግም። ሕመምተኛውን የቱንም ያህል ብናስተምረው፣ የመለኪያው ወረቀት ዋጋ ከቀን ገቢው ከበለጠ ትምህርቱ በእጁ ላይ ይሞታል። ባለቤትነቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1 በ1 ዶላር ያስረከቡት የኢንሱሊን አግኚዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም። በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን ዐዋቂዎች ከስኳር ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ፌዴሬሽኑ በ2025 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ይህ ሕዝብ ከመንግሥታትና ከፋብሪካዎች የሚጠይቀው ዕዳ አለው፤ የእናቲቱ ማሰሮም ያንን ዕዳ አይከፍልም።)

መሪጌታ፦ በየወሩ በ12 የሚካኤል ማኅበር አለን፤ ከጠበል ጻድቁ በኋላ ቃለ እግዚአብሔር የምናገረው እኔ ነኝ። ሲስተር፣ ቢመጡልኝ እኔ ስለ ጾሙ ሥርዓትና በፍልሰታ ስለ ደረሰብኝ እናገራለሁ፤ እርስዎ ስለ ክኒኑ ይናገራሉ። የደረሰብኝን ከራሴ አፍ ቢሰሙት፣ መድኃኒቱን ደብቆ የሚጾመው ሁሉ ይደፍር ይሆናል።

ሲስተር፦ እመጣለሁ። ይህች እናትም ማሰሮዋን ይዛ ትምጣ። አሁን ግን መሪጌታ፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። በቅዳሴ ጊዜ ጫማዎን አውልቀው ስንት ሰዓት ይቆማሉ?

መሪጌታ፦ በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ፤ በቅዳሴ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ሲስተር፦ በካልሲ?

መሪጌታ፦ በባዶ እግሬ። የተቀደሰ ስፍራ ነው።

ሲስተር፦ ንጹሕ ካልሲ ቢያደርጉ ሥርዓቱ ይከለክልዎታል?

መሪጌታ፦ አይከለክልም። ልማድ ነው።

ሲስተር፦ ስኳር ከቆየ የእግርን ነርቭ ያደነዝዘዋል፤ የሻማ ጠብታ ቢያቃጥልዎ፣ ጠጠር ቢቈርጥዎ አይሰማዎትም። ያልታየ ቁስል ነው እግር የሚያስቈርጠው። ማታ ማታ በለብታ ውሃ ይታጠቡት፤ ሙቀቱን ግን በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይፈትኑ፤ በጣቶቹ መካከል በደንብ ያድርቁት፤ ውስጥ እግርዎን ልጆችዎ ይዩልዎት። ጠዋትም ጫማዎን ሳያጠልቁ እጅዎን ከውስጥ ያስገቡና ይዳስሱ። እስቲ አሁን ያውልቁና ያሳዩኝ።

(መሪጌታ ጥቂት አፈሩና ጎንበስ ብለው የቀኝ ሸራ ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ዳሰሱ፤ ቆም አሉ። ያወጡት አንዲት ሽምብራ ነበረች፤ ተደቁሳ ለሁለት ልትሰነጠቅ ደርሳለች። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ሽምብራ ሲለቀም እንደ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ወደ ገበያው በእግራቸው እንደ ወረዱ በዝግታ ተናገሩ። ሽምብራዋን በመዳፋቸው ይዘው ለብዙ ጊዜ ተመለከቷት። ሲስተር ከበርጩማቸው ወርደው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የእጅ ስልካቸውን መብራት አብርተው ውስጥ እግራቸውን በጣታቸው እየጫኑ መረመሩ፤ ባለ መደብሯም ንጹሕ ጨርቅና ለብታ ውሃ አመጣች።)

ሲስተር፦ ቀላ ብሏል፤ አልተላጠም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግራውንም ያውልቁት።